የአዘዞው ገነተ ኢየሱስ፦ የካቶሊኩ ቤተ ክርስቲያን እንዴት ተክለ ሃይማኖት ሆነ?

የአዘዞ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ የጎንደር ልጆች። ተወልጄ ያደግሁት አዘዞ ነው፤ ክርስትና የተነሣሁትም በአዘዞ ተክለ ሃይማኖት ነው። አሁን የምኖረው በሌላ ከተማ ቢሆንም ነሐሴ 24 ቀን በዓሉን ለማክበር በየዓመቱ እመለሳለሁ። ባለፈው በዓል ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ ሲበተን ከአክስቴ ጋር ዛፍ ጥላ ሥር አረፍ ብለን ነበር። ከአጠገባችን አንድ ወጣትና አንድ ሽማግሌ ይከራከራሉ። ወጣቱ «ይህ ቦታ መጀመሪያ የካቶሊኮች ቤተ ክርስቲያን ነበረ፤ ያሠሩትም ፈረንጆች ናቸው» ይላል። ሽማግሌው ሲሰሙት ቆዩና ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። «ልጄ፣ ጻድቁ ተክለ ሃይማኖት በፈረንጅ ቤት አያድሩም» ብለው ትተውት ሄዱ።

አክስቴን ጠየቅኋት። «ንጉሥ የተቀበረበት ነው። ሃይማኖት የለወጠው ንጉሥ» አለችና ዝም አለች። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጨመረችልኝም።

እኔ ስለ ፋሲል ግንብ፣ ስለ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ስለ ቁስቋም በትምህርት ቤት ተምሬአለሁ። ስለ ተጠመቅሁበት ቤተ ክርስቲያን ግን ምንም አላውቅም፤ ይህ ደግሞ አሳፍሮኛል። የምታውቁ ካላችሁ አስተምሩኝ። በእርግጥ የካቶሊክ ነበረ? ከነበረስ መቼና እንዴት ተመለሰ?

መምህር ዘማራኪ

የአዘዞ ልጅ፣ ጥያቄህ ደስ አሰኝቶኛል፤ ለብዙ ዓመታት ተማሪዎቼን ወደ ፋሲል ግንብ ስወስድ በአዘዞ በኩል ያለው ታሪክ እንደተዘለለ ይሰማኝ ነበር። ወጣቱ የተናገረው እውነት ነው። ሽማግሌው የተቆጡበትም ምክንያት አለ፤ ወደ እርሱ እመጣለሁ። ዓመታቱን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አፄ ሱስንዮስ ሥልጣን የያዙት በ1607 ነው። በዚያ ጊዜ ጎንደር ከተማ አልነበረችም። ንጉሡ በጎርጎራ፣ በደንቀዝና በአዘዞ እየተዘዋወሩ ይቀመጡ ነበር። አዘዞ ውሃውም አፈሩም የሚመች ስለነበረ የንጉሡ የአትክልት ቦታ ሆነ፤ የውሃ ገንዳም ተሠራበት። በ1620ዎቹ መጀመሪያ ላይ ደግሞ በዚያው በአትክልቱ ስፍራ በድንጋይና በኖራ ቤተ ክርስቲያን ታነጸ፤ ስሙም ገነተ ኢየሱስ ተባለ። ስሙን ስትሰማው የአትክልቱ ሽታ አይመጣብህም? በዙሪያው የነበሩት ቀሳውስት ኢየሱሳውያን የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር አባላት ነበሩ።

ንጉሡ ወደ ሮም እምነት ማዘንበል የጀመሩት ቀደም ብለው ነው። ወንድማቸው ራስ ሥዕለ ክርስቶስም ቀድመዋቸው ተቀብለው ነበር። ነገሩ ደም ማፍሰስ የጀመረውም ያኔውኑ ነው፤ በ1617 አቡነ ስምዖን የቀደመውን ሃይማኖት ይዘው ከንጉሡ አማች ከዩልዮስ ጋር ተሰልፈው በጦር ሜዳ ተገደሉ። ሱስንዮስ ካቶሊክነታቸውን በይፋ ያወጁት በ1622 ነው። በ1625 ከሮም የተሾመው ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ ወደ አገር ገባ፤ በየካቲት 1626 ንጉሡ፣ መኳንንቱና ካህናቱ በደንቀዝ ለሮም ፓፓ ታዛዥ ለመሆን በጉልበታቸው ተንበርክከው ማሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አስቡት። ሜንዴዝ ካህናቱ እንደገና ክህነት እንዲቀበሉ፣ ምእመናን እንደገና እንዲጠመቁ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና እንዲባረኩ አዘዘ። ግዝረትና የቅዳሜ ሰንበት ተከለከሉ። የጾምና የበዓላት አቆጣጠርም በሮም ሥርዓት እንዲሆን ተደረገ። አንድ የደንቢያ ገበሬ አባቱ የተጠመቀው ጥምቀት ጥምቀት አይደለም፣ ያቆረበው ቄስም ቄስ አይደለም ሲባል ምን ይሰማዋል? አገሩ በሙሉ ሸፈተ። ከሁሉ የበረታው የላስታው የመልክአ ክርስቶስ ዐመፅ ነበረ። ሰኔ 1632 በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ንጉሡ ድል አደረጉ፤ በሜዳው ላይ ግን 8,000 ያህል ሰው ወደቀ። የገዛ መኳንንታቸው ሬሳውን እያሳዩ እነዚህ እስላምም አረመኔም አይደሉም፣ ክርስቲያን ወገኖቻችን ናቸው አሏቸው። በዚያው ወር ሱስንዮስ ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ አስነገሩ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ዐርፈው የተቀበሩት አዘዞ፣ በገነተ ኢየሱስ ነው። አክስትህ ያሉት እውነት ነው።

ወለተ ደንቢያ

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ ያደግሁት ጎርጎራ ነው። አያቴ ይህን ታሪክ ስትነግረን መጽሐፍ ላይ የሌለውን ትጨምርበት ነበር። ንጉሡ ሃይማኖታቸውን ሲለውጡ ምላሳቸው ተጎልጉሎ ወጣ፤ «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» ብለው ካሳወጁ በኋላ ተመለሰላቸው ትለን ነበር። ይህን ስትናገር ሁልጊዜ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። ልጅ ሆኜ የሚያስፈራኝ ምላሱ ነበር፤ ዛሬ የሚያስፈራኝ መምህር የጠቀሱት የሬሳው ቁጥር ነው።

የአደባባዩ መሪጌታ

ልጆቼ፣ ሽማግሌው ለምን እንደተቆጡ እኔ ልናገር። በእኛ ሥርዓት ቤተ ክርስቲያንን ቤተ ክርስቲያን የሚያሰኘው ግድግዳው አይደለም። ታቦቱ ነው። ሕንጻው ቢፈርስ ድንኳን ተተክሎ፣ ዳስ ተጥሎ ቅዳሴ ይቀደሳል። ታቦት ከሌለ ግን ግንቡ በወርቅ ቢለበጥም ግንብ ነው። ታቦቱን ጳጳስ በሜሮን ያከብረዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ቅዳሴ ቤቱ የሚከበረው። ስለዚህ «መጀመሪያ የማን ነበረ?» የሚለው ጥያቄ ለወጣቱ የግንብ ጥያቄ ነው፤ ለሽማግሌው ግን የታቦት ጥያቄ ነው። ሁለቱ ስለ አንድ ነገር የሚነጋገሩ መስሏቸው ስለ ሁለት ነገር ሲነጋገሩ ነበር።

አፄ ፋሲለደስ አዘዞን ምን እንዳደረጉት ተመልከቱ። ቤቱን አላፈረሱም፤ አባታቸው የተቀበሩበት ነውና። ባዶ አድርገውም አልተዉትም። ቦታውን ለደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ሰጡ፤ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ታቦት ገባበት፤ እጨጌውም አዘዞ ተቀመጡ። ልብ በሉ፤ እጨጌ ማለት ያን ጊዜ የተክለ ሃይማኖት ልጆች አለቃ፣ ከግብፅ ይመጣ ከነበረው ጳጳስ ቀጥሎ የነበረው ትልቁ መንፈሳዊ አባት ነው። ደብረ ሊባኖስ በሸዋ በ1531 በግራኝ ጦር ተቃጥሎ ነበረ፤ ከዚያም በኋላ አገሩ አልረጋም። የተሰደደው የጻድቁ ቤት ማረፊያ ያገኘው የሮም ቅዳሴ ይቀደስበት በነበረው ቦታ ላይ ነው።

ሌላም አለ። በሜንዴዝ ዘመን አንድ እጨጌ ዐርፈው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቀብረው ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ በላቲን ሥርዓት የተባረከ ስለነበረ «ረክሷል» ተብሎ አስከሬናቸው ከመቃብር እንዲወጣ ተደረገ። ይህን የጻፉት የእኛ ሰዎች ብቻ አይደሉም። በሕዝቡ ልብ ውስጥ ከጦርነቱ ያላነሰ ቁስል የሆነው ይህ ነው፤ ሙት መቀስቀስ በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። እንግዲህ የእጨጌ አስከሬን በቤተ ክርስቲያን እንዳያርፍ የከለከሉት ሰዎች ሲወጡ፣ እጨጌ በእነርሱ ቤተ ክርስቲያን ደጅ መንበሩን ዘረጋ። ፋሲለደስ ይህን ሳያስቡት ያደረጉት አይመስለኝም።

ኖራና ድንጋይ

መሪጌታ፣ ቃልዎን አከብራለሁ፤ ግን እኔ በግንባታ ሙያ የኖርሁ ሰው ስለሆንሁ ለግድግዳው ጥብቅና ልቁም።

ከኢየሱሳውያኑ ዘመን በፊት በዚህ አካባቢ ድንጋይ በአብዛኛው የሚያያዘው በጭቃ ነበረ። ጭቃ ክረምት ይጠላል። ኖራ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ድንጋዩን በምድጃ ታቃጥለዋለህ፣ ውሃ ስታፈስበት ይፈላል፣ ይፈራርሳል፣ ይልማል፤ ከአሸዋ ጋር አቡክተህ ስትገነባበት ከዓመት ዓመት እየጠነከረ ይሄዳል። በሱስንዮስ ዘመን ይህ ጥበብ ሲገባ ቅስት መሥራት፣ ጣራን በድንጋይ መዝጋት፣ ፎቅ ማውጣት ተቻለ። ገነተ ኢየሱስ፣ የጎርጎራው የኢየሱሳውያን ቤተ ክርስቲያን፣ የደንቀዝ ቤተ መንግሥት፣ ሁሉም የዚያ ዘመን ትምህርት ቤቶች ናቸው እላለሁ። ግንበኛው እዚያ ተማረ።

ደግሞ ብዙ ጊዜ የምሰማውን ስሕተት ላርም። «የፋሲልን ግንብ ፖርቱጋሎች ሠሩት» ይባላል። ኢየሱሳውያኑ ከ1633 ጀምሮ መጀመሪያ በትግራይ ወዳለው ማእከላቸው ወደ ፍሬሞና፣ ከዚያም ከአገር ተባረሩ። ጎንደር የተቆረቆረችው በ1636 ነው። በ1648 ከየመን ወደ ፋሲለደስ የመጣው መልእክተኛ ሐሰን አል ሐይሚ ቤተ መንግሥቱን አይቶ ሲጽፍ የሠራው ሕንዳዊ ነው ብሏል። በሱስንዮስ ዘመንም ከሕንድ የመጡ ግንበኞች ነበሩ። የአገሬው ጠራቢና አናጢ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ነበረ፤ እንፍራዝ አጠገብ ያለውን፣ የሠርፀ ድንግል ነው የሚባለውን የጉዛራን ግንብ ሄዳችሁ እዩ። እናም ፋሲለደስ ካህናቱን ሲያባርሩ ኖራውን አላባረሩም። ሃይማኖቱን መልሰው ሙያውን አስቀሩ። ለእኔ የጎንደር ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ውሳኔ ነው።

የአደባባዩ መሪጌታ

ኖራና ድንጋይ፣ መልካም ተናግረሃል። ታቦትም ያለ ቤት በድንኳን ዘመኑን አይፈጅም። ተቀብያለሁ።

ከጎንደር ካቶሊኮች አንዱ

ይህን ሁሉ በጥሞና አነበብሁ። እኔ ጎንደሬ ነኝ፣ ካቶሊክም ነኝ፤ በዚህ ክር ውስጥ «ፈረንጅ» የሚለው ቃል ሲደጋገም ዝም ማለት አልቻልሁም። የምጽፈው ለክርክር አይደለም።

ሜንዴዝ ያደረገውን ማንም ሰው ሊከላከልለት አይገባም፤ እኔም አልከላከልለትም። ግን ከእርሱ በፊት የነበረውን ፔድሮ ፓኤዝን ከእርሱ ጋር አትደምሩት። ፓኤዝ ወደ ኢትዮጵያ ለመምጣት ሲነሣ በመንገድ ተይዞ በየመን ሰባት ዓመት ያህል በምርኮ ቆይቷል። በ1603 ሲገባ አማርኛና ግእዝ ተማረ፣ ከሊቃውንቱ ጋር ተቀምጦ ተከራከረ፣ በ1618 ከንጉሡ ጋር ሄዶ የዓባይን ምንጭ ግሽን አየ፣ በ1622 በጎርጎራ ዐረፈ። የሚያስተምረው በትዕግሥት ነበረ። እርሱ አሥር ዓመት ቢጨመርለት ኖሮ ነገሩ በሌላ መንገድ ይሄድ ነበር ብዬ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

ሌላው ደግሞ ከ1632 በኋላ የፈሰሰውም ደም ነው። በ1638 አጋታንጆና ካሲያኖ የተባሉ ሁለት የካፑቺን መነኮሳት በጎንደር ተሰቅለዋል። በ1716 ሦስት ፍራንሲስካውያን በዚችው ከተማ በድንጋይ ተወግረዋል። ራስ ሥዕለ ክርስቶስ እምነታቸውን አልለውጥም ብለው ተግዘዋል። እኛ እነዚህን በጸሎታችን እናስባቸዋለን። የአቡነ ስምዖንን ስም ስሰማም ራሴን ዝቅ አደርጋለሁ። እናንተም ስለ እነዚያ መነኮሳት እንዲሁ እንድታደርጉ ነው የምለምነው።

ደግሞም ሱስንዮስ ሲሞቱ ካቶሊክ ሆነው ነው የሞቱት፤ ሚሲዮናውያኑ የጻፉት ይህንን ነው።

ወለተ ደንቢያ

ወንድሜ፣ ስለ መነኮሳቱ አላውቅም ነበር። ነፍስ ይማር። ስለ ንጉሡ ግን አያቴ ብትሰማህ በቁጣ ትነሣብህ ነበር። አዋጁን ያስነገሩት እርሳቸው አይደሉም?

መምህር ዘማራኪ

ወለተ ደንቢያ፣ አዋጁና የንጉሡ ልብ ሁለት ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ። አዋጁ ሕዝቡ ወደ ቀደመ ሃይማኖቱ እንዲመለስ የሚል ነው፤ ንጉሡም ዙፋናቸውን ለልጃቸው ሰጥተዋል። በመጨረሻው ሰዓት ኢየሱሳውያኑ «የእኛ ሆነው ሞቱ» ብለው ጻፉ፤ የአገራችን ትውፊት ደግሞ «ተመልሰው ሞቱ» ይላል። ሁለቱም ወገን ንጉሡን ለራሱ ይፈልጋቸዋል። የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ ሁለቱም ወገኖች ሊክዱት የማይችሉት ነገር መቃብሩ ነው። ፋሲለደስ አባታቸውን ንጉሥ እንደሚቀበር ቀበሩ፤ የቀበሩበትንም ደጅ ለእጨጌ ሰጡ። ማለትም የንጉሡን አጽም ለተክለ ሃይማኖት ልጆች አደራ ሰጡ። ልጅ ለአባቱ ከዚህ የበለጠ ምን ሊያደርግ ይችላል?

ከጎንደር ካቶሊኮች አንዱ፣ የጠቀስሃቸው ሞቶች እውነት ናቸው፤ በክፍሌ ውስጥ እነርሱንም አስተምራለሁ። አንድ ነገር ልጨምርልህ። በ1668 በፋሲለደስ ልጅ በጻድቁ ዮሐንስ ዘመን በጎንደር በተደረገው ጉባኤ ፍራንጆች፣ ማለትም የፖርቱጋሎች ዘሮችና ከነርሱ እምነት ጋር የቀሩት፣ ወይ ከእኛ ሃይማኖት ይግቡ ወይ ከአገር ይውጡ ተብሎ ተወሰነ። ከሄዱት ወደ ሱዳን፣ ወደ ስናር የተሻገሩ ነበሩ። የቀሩት ደግሞ ከሕዝቡ ጋር ተዋሐዱ። ስለዚህ «ፈረንጅ» የምንለው ሰው የልጅ ልጅ ምናልባት ዛሬ በአዘዞ ማኅሌት ውስጥ ጽናጽል ይዞ ቆሞ ይሆናል።

ኖራና ድንጋይ

ይህን የመጨረሻውን አንብቤ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብሁላት።

መምህር ዘማራኪ

እንግዲህ «ተመለሰ» ስንል ነገሩ በ1632 ያለቀ እንዳይመስላችሁ። የኢየሱሳውያኑ ክርክር ከሄዱም በኋላ በእኛው ሊቃውንት መካከል ጥያቄ ትቶ ነበር፦ ክርስቶስ «ተቀባ» ሲባል ምን ማለት ነው? መለኮትና ሥጋ የተዋሐዱት በተዋሕዶ ብቻ ነው ወይስ በቅብዓት? ከጎጃም የኤዎስጣቴዎስ ልጆች አብዛኞቹ ቅብዓት ሆኑ። የደብረ ሊባኖስ ልጆች፣ ማለትም የአዘዞዎቹ፣ ተዋሕዶን ያዙ። በአሪንጎ በ1654፣ ከዚያም በጎንደር ጉባኤ በጉባኤ ላይ ተደረገ። ንጉሥ በተለወጠ ቁጥር ዳኝነቱ ይለወጥ ነበር። አፄ ቴዎፍሎስ ወደ ቅብዓት አዘነበሉ፤ በሦስተኛው አፄ ዳዊት ዘመን የቅብዓትን ፍርድ አንቀበልም ያሉ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በጎንደር በወታደር ተጨፈጨፉ። ይህም ሦስቱ ካቶሊኮች ከተወገሩ ጥቂት ዓመታት በኋላ የሆነ ነው። እናንተ የምታዝኑለት መነኩሴም እኛ የምናዝንለት መነኩሴም በአንድ ንጉሥ ዘመን፣ በአንድ ከተማ ውስጥ ሞቱ።

በኋላ ደግሞ ጸጋ ወይም ሦስት ልደት የሚባለው ትምህርት ተነሣ፤ ካራ ከሚባሉት የተዋሕዶ ወገኖች ጋር ተጣላ። ይህ ሁሉ የተቋጨው በአፄ ቴዎድሮስና በአቡነ ሰላማ ዘመን በተጀመረው፣ በ1878 ደግሞ በቦሩ ሜዳ በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ፊት በጸናው ውሳኔ ነው። አንድ የአዘዞ ደብተራ በ1600ዎቹ መጀመሪያ ተወልዶ ዘጠና ዓመት ቢኖር ኖሮ፣ አገሩ ሦስት ጊዜ ሃይማኖት ሲከራከር ባየ ነበር።

የማርቆስ ልጅ

ከጎጃም ነኝ፤ ክሩን ከሁለት ቀን ወዲህ ስከታተል ቆይቻለሁ። ቅብዓትን ስትጠቅሱ ለጎጃም ጥቂት ምሕረት አድርጉልን፤ የእኛ ሊቃውንትም በመጽሐፍ ነው የተከራከሩት።

የመጣሁት ግን ስለ መርጦ ለማርያም ልነግራችሁ ነው፤ በመጻሕፍት ማርቱላ ማርያም የምትባለውም እርስዋ ናት። አዘዞ አንድ ጊዜ ተለውጦ ተመለሰ። የእኛዋ ደግሞ ሁለት ጊዜ ሞታ ተነሥታለች። በእነብሴ አገር እቴጌ እሌኒ በ1500 ገደማ የገነቧት ናት። የግራኝ ጦር ሲመጣ ተቃጠለች፣ ተዘረፈች። ከመቶ ዓመት በኋላ ገደማ ኢየሱሳውያኑ መጡና በፍርስራሿ ላይ በአበባና በሐረግ ቅርጽ የተጠረበ ድንጋይ አቁመው እንደገና ሠሯት። እነርሱም ሲባረሩ ተመልሳ የእኛ ሆነች። ያ የተጠረበ ድንጋይ እስከ ዛሬ ቆሟል። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው አንድ ነገር፣ ማንም ሰው ያንን ድንጋይ «የፈረንጅ ነው» ብሎ ሲሰብረው አላየሁም። እናቴ እየተሳለመችው ነው ወደ ውስጥ የምትገባው።

ኖራና ድንጋይ

የማርቆስ ልጅ፣ ሥራውን አይቼዋለሁ፤ ያንን ድንጋይ የጠረበ እጅ ብፁዕ ነው። ጽጌረዳዎቹን በጣቴ ዳሰስኋቸው። ጎርጎራ ላይ የፈረሰው የኢየሱሳውያን ቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ ያለ ጥርብ ነበረበት፤ እርሱን ግን ማንም ታቦት ያስገባበት የለምና ክረምቱ በላው። መሪጌታ ያሉት እዚህ ላይ ነው የገባኝ። ታቦት የገባበት ግንብ ጠባቂ አለው። ታቦት ያልገባበት ግንብ ጣራው ሲወድቅ የሚያለቅስለት የለም።

ወለተ ደንቢያ

ጎርጎራ ከተነሣ ደብረ ሲናን ሳልጠቅስ አላልፍም። እኛ ቤተ ክርስቲያናችን ከኢየሱሳውያኑ ግንብ ሦስት መቶ ዓመት ትቀድማለች፤ በአፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን የተተከለች ናት። የሣር ክዳን ያላት ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ግንብ ፈላጊ ቱሪስት አይቶ ያልፋታል። ግድግዳዋን ያሣሉት ግን የሱስንዮስ ልጅ፣ የፋሲለደስ እኅት መለኮታዊት ናቸው። ምስላቸውም በሥዕሉ ውስጥ አለ።

ልጅ ሆኜ ከሥዕሉ ሥር ቆሜ እናቴን «ይቺ ሴት ማን ናት?» እላት ነበር። አባትየው ወደ ሮም ሲሄድ ሴት ልጁ በዚያው በጣና ዳር በሣር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግድግዳ ታሥል ነበር። አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ሐይቅ ዳር፣ ሁለት መቅደስ። የአዘዞው ልጅ፣ ይህን ለአክስትህ ንገርልኝ።

የአደባባዩ መሪጌታ

ወለቴ፣ ጥሩ አስታወስሽን። ሴቶቹ ባይይዙልን ኖሮ ብዙ ነገር በጠፋ ነበር። የፋሲለደስ እናት ወልድ ሠዓላም ለተዋሕዶ ቆመው እንደነበር ይነገራል።

ለካቶሊኩ ወንድማችን ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። በቤትህ ስለ እነዚያ መነኮሳት ስትጸልይ ስለ ወይና ደጋ ሜዳ ሙታንም ጸልይ። እኔ ሁለቱንም አስባቸዋለሁ።

ከጎንደር ካቶሊኮች አንዱ

አባታችን፣ አደርጋለሁ። በረከትዎ ይድረሰኝ።

መምህር ዘማራኪ

ጠያቂያችን ስለ ቦታው የዛሬ ሁኔታም ሊያውቅ ይገባል። ከመድሪድ ዩኒቨርሲቲ የመጡ የስፔን የቅርስ ቆፋሪዎች ከ2006 ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት በአዘዞ፣ በጎርጎራ፣ በደንቀዝና በሌሎችም የኢየሱሳውያን ቦታዎች ከእኛ ባለሙያዎች ጋር ሠርተዋል። በአዘዞ የገንዳውንና የግንቡን ቅሪት አጥንተዋል። አዘዞ ሲባል ሰው የሚያስበው አውሮፕላን ማረፊያውንና የጦር ሠፈሩን ነው። አውሮፕላኑ የሚያርፈው ግን በንጉሥ የአትክልት ቦታ ጎን ነው። እባካችሁ የገንዳውን ድንጋይ እየነቀሉ ለአጥር የሚወስዱ ካያችሁ ለደብሩ አስተዳዳሪ ንገሩ።

የአዘዞ ልጅ

ወገኖቼ፣ አንድ ጥያቄ ጠይቄ ይህን ሁሉ አገኘሁ። በዚህ ሳምንት ለሠርግ ወደ ጎንደር መጥቼ ስለነበረ ክሩን በሙሉ በስልኬ ለአክስቴ አነበብሁላት። ስለ እጨጌው አስከሬን ያለውን ስደርስ እጇን በአፏ ላይ አደረገች። ስለ መለኮታዊት ስነግራት ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

እሑድ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ እነዚያን ሽማግሌ አፈላልጌ በደጀ ሰላሙ አገኘኋቸው። አላስታወሱኝም። ተቀመጥሁና ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኋቸው፦ አትክልቱን፣ ኖራውን፣ ደንቀዝን፣ ወይና ደጋን፣ የንጉሡን መቃብር፣ የእጨጌውን መምጣት። አላቋረጡኝም። መሪጌታ ስለ ታቦቱ የጻፉትን ሳነብላቸው ብቻ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ። ስጨርስ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና «ታዲያ እኔስ ምን አልሁ? ጻድቁ በፈረንጅ ቤት አላደሩም። ገብተው ቤታቸው አደረጉት» አሉኝ። ከዚያ እጄን ይዘው ተነሡና በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ አብረን ዞርን። በዞርንበት ሁሉ የንጉሡን ስም በክርስትና ስማቸው እየጠሩ «ነፍስ ይማር» ይሉ ነበር።